የወሊድ ፈቃድ ዕዳው የማን ነው?

ከአምቦ ወደ ነቀምቴ የሚጓዝ ሰው ጉደርን አልፎ ሽቅብ ሲወጣ የጨሊያ ወረዳ መቀመጫ የሆነችውን ጌዶን ያገኛል። ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች፣ ባንክ፣ መድኃኒት ቤት፣ ሆቴልና ገበያ ያላት የመንገድ ዳር ከተማ ናት። በዚህች ከተማ በአንድ ወር ውስጥ የሚወልዱ ሴቶች ምጣቸው አንድ ዓይነት ቢሆንም ከወለዱ በኋላ የሚጠብቃቸው ሕግ የተለያየ ነው። የሆስፒታሉ አዋላጅ ነርስና የመንግሥት ትምህርት ቤቱ መምህርት በኦሮሚያ ክልል የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ይተዳደራሉ። አምቦ ዩኒቨርሲቲ የተቀጠረችው የጌዶ ልጅ በፌዴራሉ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ሥር ናት። የግል ባንክ ገንዘብ ያዥዋ፣ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛዋና የሆቴል አስተናጋጇ የሚዳኙት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ነው። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራዋ፣ ጉሊት የምትቸረችረዋና ከባሏ ጋር ጤፍ የምታርመዋ ደግሞ ወልደው ለሚተኙበት ጊዜ የሚከፍላቸው ማንም የለም።

የሕጉ ቃል ለእናት የሚሰስት አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ከሙሉ ደመወዝ ጋር የወሊድ ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ የፈቃዱ ርዝመትም የሥራውን ሁኔታ፣ የእናቲቱን ጤና፣ የሕፃኑንና የቤተሰቡን ደኅንነት ከግምት በማስገባት በሕግ እንዲወሰን ያዛል። በአዋጅ ቁጥር 377/1996 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን የነበረው የሠራተኞች ፈቃድ፣ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወደ 30 እና 90 ከፍ ብሏል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞችም ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ በወጣው አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ይህንኑ 120 ቀን አግኝተዋል። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው የእናትነት ጥበቃ ስምምነት ቁጥር 183 የሚጠይቀው ዝቅተኛ ፈቃድ 14 ሳምንት፣ ማለትም 98 ቀን ሲሆን፣ ክፍያውም ከደመወዝ ሁለት ሦስተኛ እንዳያንስ ይላል። በሁለቱም መለኪያ የእኛ ሕግ ይበልጣል። ነገር ግን በዚያው ስምምነት ውስጥ የተጻፈ አንድ ቁም ነገር የእኛ ሕግ ውስጥ የለም፤ የወሊድ ፈቃድ ክፍያ በማኅበራዊ ዋስትና ወይም በሕዝብ ገንዘብ ይሸፈን፣ አንድ አሠሪ ብቻውን እንዲሸከመው አይገደድ የሚለው። የአገራችን የወሊድ ፈቃድ ትልቁ ድካም ከዚህ የሚመነጭ ይመስለኛል። ቀኑን አብዝተን፣ ከፋዩን ግን አንድ ሰው አድርገን ትተነዋል።

ወደ ክርክሩ ከመግባቴ በፊት አሁን ያለው ሕግ ለተቀጣሪዋ የሚሰጠውን በዝርዝር ማየት ይጠቅማል፤ ብዙ ሰው ከ120ው ቀን ውጭ ያለውን መብቱን አያውቅምና። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 87 እና 88 መሠረት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ለእርግዝና ክትትል ወደ ጤና ተቋም የምትሄድባቸው ሰዓታት ከደመወዟ አይቆረጡም፤ አሠሪው ግን መመርመሯን የሚያሳይ ማስረጃ ሊጠይቃት ይችላል። ሐኪም ዕረፍት ካዘዘላት ያም ዕረፍት ከደመወዝ ጋር ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ሌሊት ማሠራትም ሆነ ትርፍ ሰዓት ማሠራት ክልክል ነው፤ በሆቴል ለምትሠራ ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሥራዋ ለእሷ ወይም ለፅንሱ አደገኛ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ ወደ ሌላ ሥራ መዛወር አለባት። በአምቦ መንገድ በሆለታ ዙሪያ ባሉት የአበባ እርሻዎች አብዛኞቹ ሠራተኞች ሴቶች ስለሆኑ፣ ፀረ ተባይ ከሚረጭበት ቤት ወጥቶ ወደ ማሸጊያ ክፍል መዛወር ማለት እዚያ የየዕለት ጉዳይ ነው። ከሁሉም በላይ ሴትየዋ ባረገዘችበት ጊዜና ከወለደች በኋላ ባሉት አራት ወራት አሠሪው የሥራ ውሏን ሊያቋርጥ አይችልም፤ ከእርግዝናውና ከወሊዱ ጋር ግንኙነት የሌላቸው፣ ሕጉ ራሱ የዘረዘራቸው ምክንያቶች ካልተገኙ በስተቀር።

የቀኑ አቆጣጠርም መታወቅ አለበት። ቅድመ ወሊዱ 30 ቀን የሚቆጠረው ሐኪም ከገመተው የመውለጃ ቀን ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ ጌዶ ሆስፒታልም ሆነ ጤና ጣቢያ የሚሰጠው፣ የመውለጃው ቀን የተገመተበት ወረቀት የመብቱ ሁሉ መነሻ ነው። ያ ወረቀት በጊዜው ካልተጻፈ፣ ወይም ተጽፎ ፈርሞ የሚቀበለው ሰው ካላገኘ፣ ሴትየዋ እስከ ምጧ ዋዜማ ቆማ ልትሠራ ትችላለች። ቀኑ አልፎ ሳትወልድ ከቆየች በሐኪም ማስረጃ እስክትወልድ ድረስ ተጨማሪ ፈቃድ ታገኛለች። 30ው ቀን ሳያልቅ ከወለደች ደግሞ የድኅረ ወሊዱ 90 ቀን ከወለደችበት ቀን መቆጠር ይጀምራል። ከፈቃዱ በኋላ ሕመሙ ካልለቀቃት የሕመም ፈቃድ አለ፤ በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር ሊደርስ የሚችል ሲሆን የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ የሚቀጥሉት ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ያልተጠቀመችበት የዓመት ፈቃድ ካላትም ከወሊድ ፈቃዷ ጋር እንዲያያዝላት መጠየቅ ትችላለች፤ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል።

ይህ ሁሉ የሚያምር ነው። አሁን ከፋዩን እንመልከት። ሦስት ሠራተኞች ያሉት የአንድ ትንሽ ከተማ መድኃኒት ቤት እናስብ። አንዲቱ የወር ደመወዟ 8,000 ብር ነው እንበል። ስትወልድ ባለቤቱ በአራት ወር 32,000 ብር ይከፍላታል። መድኃኒት ቤት ያለ ባለሙያ አይከፈትም፤ ስለዚህ ሌላ ሰው ይቀጥራል፣ ለእሷም እንዲሁ ይከፍላል። ከሦስት ሠራተኞቹ አንዷ በወለደች ዓመት ወጪው ሳይታሰብ ይንራል። በአንጻሩ አንድ ሺህ ሠራተኛ ያለው ፋብሪካ ወይም መቶ ቅርንጫፍ ያለው ባንክ በየዓመቱ ስንት ሴት እንደምትወልድ ገምቶ በበጀቱ ይይዘዋል፤ ቢከብደውም አይሰበርም። ያው አንድ አዋጅ ትልቁን አሠሪ ሲነካካ ትንሹን ይጥለዋል። የአምቦ፣ የጉደር፣ የጌዶና የባኮ ወጣት ሴቶች ደግሞ በብዛት የሚቀጠሩት በትንንሾቹ ዘንድ ነው።

የተጨነቀ አሠሪ የሚያደርገውን ለመገመት ልዩ ጥናት አያስፈልግም፤ ሕጉ ራሱ የሚከለክላቸውን ነገሮች ማንበብ ይበቃል። አገባሽ ወይ፣ ልጅ አለሽ ወይ ብሎ ጠይቆ ወንዱን ይቀጥራል። ሴቲቱን ከቀጠረም ለስድስት ወር ውል ያስፈርማትና እርግዝናዋ ሲታይ ውልሽ አለቀ ይላታል። ሕጉ ዘላቂ ለሆነ ሥራ የሚደረግ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል ቢልም፣ ወረቀቱ ላይ የማብቂያ ቀን ያየች ልጅ ይህን አውቃ ፍርድ ቤት የምትቆመው እምብዛም ነው። አንዳንዱም ጭራሹን ውል ሳይጽፍ ያሠራል። እንዲህ ያለውን አሠሪ ክፉ ብሎ መርገም ቀላል ነው፣ ጥፋቱም ጥፋት ነው። ይሁን እንጂ አንድ ሕግ ደጉን ሰው ለደግነቱ የሚቀጣው፣ ሕጉን የሸሸውን የሚጠቅመው ከሆነ፣ ጉድለቱን በሰዎቹ ጠባይ ብቻ ማሳበብ አይቻልም። ወጣት ሴት የቀጠረ ሁሉ ከፊቱ የማይታወቅ ዕዳ እንዳለበት እንዲሰማው ያደረግነው እኛው ነን።

ለዕርጅና፣ ለጉዳትና ለሞት የሠራነው ሥርዓት ግን እንዲህ አይደለም። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሕግ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ ገንዘቡ በአንድ ቋት ይገባና ጡረታ ለወጣው፣ ጤናው ለተጓደለው፣ በሥራ ላይ ጉዳት ለደረሰበትና ለሟች ቤተሰብ ይከፈላል። አንድ አዛውንት ጡረታ ሲወጣ የመጨረሻ አሠሪው ከኪሱ ይጡረው የሚል የለም። ወሊድ ብቻ ከዚህ ቋት ውጭ ቀርቷል። በወሊድ ምክንያት አካሏ የተጎዳ ሴት ጉዳይ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ ለጊዜው መሥራት ካልቻለ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ በተከታዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ ወዲያ ባሉት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ክፍያ እንዲያገኝ አዋጁ ይደነግጋል። ምጥ ግን የሥራ አደጋ አይባልም። በተራዘመ ምጥ ፊስቱላ የያዛት ወይም ከከባድ የደም መፍሰስ ተርፋ ለወራት መቆም ያቃታት የ25 ዓመት ሠራተኛ የሚቀራት የሕመም ፈቃዱ ነው፤ እሱም ግማሹ ጊዜ ያለ ክፍያ ነው። ለዘለቄታው መሥራት ባትችል የጤና ጉድለት አበል በየወሩ የሚከፈለው ቢያንስ 10 ዓመት ላገለገለ ሰው ስለሆነ፣ አራትና አምስት ዓመት የሠራች ወጣት ድርሻዋ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ክፍያ ይሆናል። ሕክምናውን በተመለከተ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ የከፈቱት የፊስቱላ ሆስፒታልና በመቱ ያለውን ጨምሮ በክልሎች ያሉት ማዕከላቱ በነፃ ያክማሉ። ሰውነቷ ሲጠገን ኑሮዋን የሚደግፍ ሥርዓት ግን አላቆምንም።

መፍትሔው ከባህላችን የራቀ አይደለም። ዕድር ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፦ በየወሩ ጥቂት የሚዋጣው ማን ቀድሞ እንደሚሞት ስለማይታወቅ ነው፤ ሐዘን የገባበት ቤት ለብቻው እንዳይጎዳ ሐዘን ያልገባበት ሁሉ ቀድሞ ይከፍላል። ለሞት ያዋጣን ሰዎች ለልደት የማናዋጣበት ምክንያት አይታየኝም። ስሌቱም አያስፈራም። 100 ሠራተኞች ካሉ በዓመት 1,200 የወር ደመወዝ ይከፈላል። ከእነሱ አራቱ በዓመቱ ቢወልዱና እያንዳንዳቸው የአራት ወር ደመወዝ ቢያገኙ 16 የወር ደመወዝ ነው፤ ከጠቅላላው 1.33 በመቶ ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት አሠሪው፣ የቀሩትን ሁለት ወራት ቋቱ ይክፈል ቢባል ደግሞ 0.67 በመቶ ይበቃል። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ ያደረገችው ከዚህ ጋር በጣም የተቀራረበ ነው። ሠራተኛው 0.3 በመቶ፣ አሠሪው 0.3 በመቶ ያዋጣሉ፤ የፈቃዱን የመጀመሪያ ስድስት ሳምንታት አሠሪው ሲከፍል የቀረውን የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤቱ ይሸፍናል። ከዚያ በፊት የሩዋንዳ እናት ስድስት ሳምንት ካለፋት ወይ ወደ ሥራዋ ትመለስ ነበር፣ ወይ ከደመወዟ 20 በመቶ ብቻ እየተቀበለች ትተኛ ነበር።

በአሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችንም የዚህን ነገር ሁለት ገጽታ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የአገሪቱ የፌዴራል ሕግ 12 ሳምንት ፈቃድ ይሰጣል፣ ክፍያ ግን የለውም። ክፍያውን ያመጡት ክፍለ ግዛቶች ናቸው። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1946 ከሠራተኞች ደመወዝ በሚዋጣ ገንዘብ ከሥራ ውጭ ለሚደርስ ሕመምና ጉዳት ቋት አቋቋመች፤ በኋላ እርግዝናና ወሊድም በዚያው ገብተው አብዛኛውን ጊዜ ከመውለጃው ቀን በፊት አራት ሳምንት፣ ከወሊድ በኋላ ስድስት ሳምንት፣ በቀዶ ጥገና ለወለደች ስምንት ሳምንት ይከፈልባቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ደግሞ እናትም አባትም ከሕፃኑ ጋር ለሚቆዩበት ጊዜ የሚከፈል ተጨመረበት፤ አሁን እስከ ስምንት ሳምንት ይደርሳል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ያሉባቸው፣ ሲያትል የምትገኝበት የዋሽንግተን ክፍለ ግዛትና ዋሽንግተን ዲሲም እ.ኤ.አ. በ2020 የየራሳቸውን ሥርዓት ጀምረዋል። የእነሱ ድካም ሌላ ነው፤ ማመልከቻው በወላጁ እጅ ስለሚሞላ፣ የሐኪሙ ፊርማ፣ የአሠሪው ማስታወቂያና የማመልከቻው ቀን አንዱ ከተሳተ ክፍያው ይዘገያል። አሠሪው ግን ሠራተኛው በመውለዱ የሚከፍለው የአራት ወር ደመወዝ የለም። ስለዚህ ከእነሱ ቋቱን፣ ከእኛ ደግሞ የሙሉ ደመወዙንና የቀጥታ ክፍያውን ሥርዓት ብናዋሕድ የተሻለ ነገር እናገኛለን፦ አሠሪው እንደ ወትሮው በወሩ መጨረሻ ይክፈላት፣ ከዚያ እሱ ከቋቱ ይጠይቅ። ወረቀቱን የሚያሯሩጠው ሒሳብ ሹም ያለው ድርጅት እንጂ አራስ መሆን የለባትም።

በዚህ ላይ የሚነሱ ተቃውሞዎች አሉ፤ አንዳንዶቹም ከባድ ናቸው። የመጀመሪያው የኑሮ ውድነት ነው። ደመወዝተኛ ግብርና ጡረታ ተቆርጦበት በቀረው ብር ወሩን መዝለቅ አቅቶት ሳለ ሌላ ተቆራጭ ማምጣት ጭካኔ ነው ይባላል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅም ሠራተኛው 3 በመቶ እንዲያዋጣ ስለጠየቀ ቅሬታ ገጥሞት ለዓመታት መዘግየቱ ይታወሳል። ስጋቱን አልንቀውም። ነገር ግን 3 በመቶና 0.3 በመቶ አንድ አይደሉም፤ 8,000 ብር ለሚያገኝ ሰው የኋለኛው በወር 24 ብር ነው። ከዚህም በላይ የአሁኑ ሥርዓት ነፃ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። ዛሬም ይከፈላል፤ የሚከፍሉት ግን ሳይቀጠሩ የቀሩ፣ ውላቸው የተቋረጠና በ45ኛው ቀን አራስ ሳሉ ወደ ሥራ የተመለሱ ሴቶች ናቸው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ያላገባው ወጣት፣ ልጆቹን አሳድጎ የጨረሰው ጎልማሳና ወንዱ ስለ ምን ይክፈል የሚል ነው። ጡረታን ያስታወሰ ሰው መልሱን ከዚያው ያገኛል። ዛሬ የሚያዋጣው ሰው ከ30 ዓመት በኋላ ጡረታ የሚወጣው በዚያን ጊዜ ሠርተው በሚያዋጡ ሰዎች ገንዘብ ነው፤ እነዚያ ሰዎች ዛሬ በጌዶና በአምቦ የሚወለዱት ሕፃናት ናቸው። ወንዶች ብቻቸውን ይቅሩ ከተባለ ደግሞ የምንሸሸው ነገር ይመለሳል፤ ለወሊድ የሚከፈለው በሴት ደመወዝ ላይ ብቻ ከተጫነ ሴት እንደገና ውድ ሠራተኛ ትሆናለች። እዚህ ላይ የአባትየውን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለአባት የሚሰጠው ሦስት ተከታታይ ቀን ነው፤ የ2010ሩ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ግን 10 የሥራ ቀን ሰጥቷል። የፋብሪካ ሠራተኛ ሚስት ምጥ ከቢሮ ሠራተኛ ሚስት ምጥ የሚያንስ ይመስል ይህን ያህል ልዩነት የሚያስፈልግበት ምክንያት የለም። በቀዶ ጥገና የወለደች ሴት በሦስተኛው ቀን ቁስሏ ገና አልዳነም፤ ባሏ ግን ሥራ ግባ ይባላል።

ሦስተኛው፣ ጥሩ ነው ግን ገንዘቡን ማን ያምናል የሚል ነው። ቋት በዋጋ ንረት ይሟሟል፣ ክፍያ ይዘገያል፣ ወረቀት ይጠፋል። ይህ ፍርሃት መሠረት አለው። ሆኖም የወሊድ ቋት ከጡረታ ቋት በባሕርዩ ይለያል። ጡረታ ለ30 ዓመት የሚቀመጥ ገንዘብ ስለሆነ ንረት ይበላዋል፤ የወሊዱ ግን በዓመቱ ገብቶ በዓመቱ የሚወጣ ስለሆነ የሚበላሽበት ጊዜ የለውም። አዲስ መሥሪያ ቤት መክፈትም አያስፈልግም፤ የጡረታ መዋጮ የሚሰበሰብበት መንገድ፣ የሠራተኛው መለያ ቁጥርና የአሠሪው መዝገብ ተዘጋጅተው ተቀምጠዋል።

አራተኛው ከሁሉም የሚከብደኝ ነው። እንዲህ ያለው ቋት ለተቀጣሪ ነው፤ አብዛኛዋ የምዕራብ ሸዋ እናት ግን አርሶ አደር ወይም ቸርቻሪ ናት፣ ታዲያ ምን ይጠቅማታል? እውነት ነው። የቤት ሠራተኛዋም ቢሆን አዋጅ 1156 የሥራ ሁኔታዋን በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወሰን ብሎ ከራሱ ውጭ አድርጓታል። መንግሥት ለእነዚህ ሴቶች ምንም አላደረገም ማለት ግን አይቻልም። በመንግሥት ጤና ተቋም መውለድ በነፃ ነው፤ ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው እስኪደርስ የሚያርፉባቸው የእናቶች ማቆያዎች ተሠርተዋል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም ይወለድ የነበረው ሕፃን 26 በመቶ ሲሆን ከሦስት ዓመት በኋላ 48 በመቶ ደርሷል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት ደግሞ ነፍሰ ጡርና አራስ ሴቶችን ከጉልበት ሥራ አውጥቶ ክፍያቸው እንዳይቋረጥ ያደርጋል። በተግባር ይህ የድሃ ገበሬ የወሊድ ፈቃድ ነው። ፕሮግራሙ ግን የምግብ እጥረት በሚደጋገምባቸው ወረዳዎች የተወሰነ ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ የተስፋፋው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደግሞ ገበሬ በዓመት አንድ ጊዜ አዋጥቶ በጋራ መታከም እንደሚችል አሳይቶናል። ሕንድ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በመላ አገሪቱ የመጀመሪያ ልጇን ለምትወልድ እናት፣ ክትትሏን ካደረገች፣ 5,000 ሩፒ ትሰጣለች። እኛም በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለችን፤ ነፍሰ ጡሯን የምትመዘግበው እሷው ናት። ክትትሏን ላደረገች እናት የተወሰነ ብር በስሟ እንዲገባ ማድረግ ከአቅማችን በላይ የሚሆነው ጉዳዩን የመጨረሻ ተራ ላይ ካስቀመጥነው ብቻ ነው። የተቀጣሪዋ ቋት ይቅደም የምለውም ሌላዋን ረስቼ አይደለም፤ መዝገቡ ባለበት ቦታ ጀምሮ ወደሌለበት መስፋት ስለሚቀል ነው።

የአራስ ዕረፍት የቢሮ ሰው ቅንጦት ነው፣ እናቶቻችን በማሳ ወልደው አሳድገውናል የሚሉም አሉ። ይህ የአገራችንን ልማድ በትክክል አይገልጸውም። በኦሮሞ ባህል ሴት በወለደች በአምስተኛው ቀን ሸነን ይደረግላታል፣ ሴቶች ተሰብስበው ያበሏታል፣ ያጥቧታል። ቀነፋ የሚባለውን የአራስነት ምልክት ያሠረች ሴት ክብሯ የተጠበቀ ነው፤ ከባድ ሥራ አይታዘዝባትም፣ የደፈራት ሰው ሲንቄ የተባለውን የሴቶች በትር ይዘው የሚወጡ ሴቶች ይነሱበታል። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኑም ዘንድ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና እስክትነሳ ድረስ እናቲቱ የምትከበርበት ጊዜ አለ። ጎረቤት ገንፎ ይዞ የሚመጣው፣ ዘመድ ቤቱን ተክቶ የሚይዘው አራስን ማሳረፍ የሁሉም ግዴታ እንደሆነ ስለሚታመን ነው። ቤተሰብ ተበታትኖ ልጆች በኪራይ ቤት በየከተማው ሲኖሩ ይህን ግዴታ በሕግና በቋት መተካት ያስፈልጋል። የጤና ባለሙያዎች ሕፃን እስከ ስድስት ወሩ ከእናት ጡት ሌላ አይቅመስ ይላሉ፤ ፈቃዱ ግን በሦስተኛው ወር ያልቃል። የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ሕጉ ያዘዘው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው፤ ለግል ድርጅቶች ግን ተመሳሳይ ግዴታ አልተጻፈም።

ቋቱ እስኪመጣ ድረስ ያለውን መብት አጥብቆ መያዝ የወላጆች ፈንታ ነው። መጀመሪያ የትኛው ሕግ እንደሚገዛችሁ እወቁ፤ ባኮ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ሠራተኛ የክልል፣ የአምቦውና የሆለታው የፌዴራል ናቸው። የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ በየጊዜው ስለሚሻሻል በሥራ ላይ ያለውን ቁጥር ከሰው ሀብት ክፍል ጠይቁ። ሠራተኛ ማኅበር ያለበት ድርጅት ከሆነ የኅብረት ስምምነቱን አንብቡ፤ ከአዋጁ የተሻለ ነገር ሊኖርበት ይችላልና። እርግዝናውን በቃል ብቻ አትንገሩ፤ ከጤና ተቋሙ የተሰጠውን ወረቀት ቅጂ አስቀርታችሁ፣ ዋናውን በማመልከቻ አስገቡ፤ የተቀበላችሁ ሰውም በቅጂው ላይ ቀንና ፊርማ ያኑርበት። የደመወዝ ወረቀትና የባንክ ደብተር ውል ላልተጻፈላት ሠራተኛ ተቀጣሪነቷን ያስረዱላታል። ባል የሆነም ሦስቱን ቀን ከዓመት ፈቃዱ ጋር አስቀድሞ ያስተካክል። በእርግዝና ወይም በወሊድ ምክንያት ከሥራ የተሰናበተች ሠራተኛ ወደ ሥራዬ ልመለስ ብላ ክስ የምታቀርብበት ጊዜ ውሏ ከተቋረጠ ጀምሮ ሦስት ወር ነው፤ ያልተከፈለ ደመወዝ የምትጠይቅበት ደግሞ ስድስት ወር። እነዚህ ወራት አራስ ስለሆነች ቆመው አይጠብቋትም፤ ስለዚህ እሷ መውጣት ባትችል ባሏ፣ ወንድሟ ወይም እናቷ ማስረጃዋን ይዘው ወደ ወረዳው የሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ወደ ፍርድ ቤት ሄደው ምን ማቅረብ እንዳለባት ዛሬውኑ ይጠይቁላት።